እርማቸውን ያላወጡ እናቶች፦ ከቀይ ሽብር በኋላ የእውነትና የፍትሕ ፍለጋ



በአገራችን ሰው ሲሞት ሐዘኑ የቤተሰቡ ብቻ አይደለም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ አብሮ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። ይህ ሁሉ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች የተከለከለበት ዘመን ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ጥቁር እንዳይለብሱ፣ ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ ተደርገዋል። አስከሬኑ መንገድ ላይ ተጥሎ እያዩ «ልጄ» ብለው መጠጋት ያልቻሉ ነበሩ፤ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉም ነበሩ። እነዚህ ቤተሰቦች ምን ፈለጉ፣ ምንስ አገኙ? በዚህ ጽሑፍ ልናስታውሰው የወደድነው ይህን ነው።

ደርግ ግድያውን ግድያ ብሎ አልጠራውም፤ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ይል ነበር። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በሜይ ዴይ ሰሞን፣ በአዲስ አበባ ብዙ መቶ ወጣቶች ተገደሉ። በማግስቱ፣ በሩቅዋ አርጀንቲና፣ 14 ሴቶች የታፈኑ ልጆቻቸው የት እንዳሉ ለመጠየቅ በቦነስ አይረስ ፕላሳ ዴ ማዮ አደባባይ ቆሙ። የእኛዎቹ እናቶች ግን አደባባይ መውጣት አይታሰብላቸውም ነበር። የልጁን ፎቶና ልብስ ሣጥን ውስጥ ደበቁ። ማን መጥቶ እንደወሰደው፣ በየትኛው ቀበሌ እንደታሰረ፣ ስንቅ ይዘው ሄደው «ከእንግዲህ አታምጡ» የተባሉበትን ቀን በልባቸው ያዙ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ተቋቋመ፤ በጠቅላላው ከ5,000 በላይ ሰዎችን ከሰሰ። የከፍተኛ ባለሥልጣናቱ ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። ማስረጃው ከሁለት ወገን መጣ። አንደኛው የመንግሥቱ የራሱ ወረቀት ነው፤ ገዳዮቹ ትእዛዙን እየጻፉና እየፈረሙ አስቀምጠውት ነበር። ሁለተኛው የቤተሰብ ምስክርነት ነው፤ በወረቀቱ ላይ «እርምጃ» የተባለው ነገር ስምና ፊት ያለው ሰው መሆኑን ያሳዩት እነዚያ ምስክሮች ናቸው። የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩም ከአርጀንቲና የመጡ የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች አግዘዋል። ሙያውን ያዳበሩት በአገራቸው የጠፉትን ሰዎች አጽም ሲፈልጉ፣ ልጆቻቸውን ከሚፈልጉት ከእነዚያ ቤተሰቦች ጋር ሠርተው ነው።

ችሎቱ 12 ዓመት ፈጀ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት፣ ሌሎቹም ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም በዚሁ ስም ይቀጣ ነበርና ነው። በወሩ ዕድሜ ልክ እስራት፣ በይግባኝ ደግሞ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደ።

ፍለጋው ከአገር ውጭም ነበር። በአሜሪካ፣ በአትላንታ ሆቴል ትሠራ የነበረች እጅጋየሁ ታዬ፣ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ እዚያው ሆቴል ተቀጥሮ አየችው። እሷ፣ ሂሩት አበበ ጅሪና ኤልሳቤጥ ደምሴ ስለደረሰባቸው ግርፋት ከሰሱት፤ በ1985 ዓ.ም. ረቱት። ኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። በኔዘርላንድስም የሄግ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በእሸቱ ዓለሙ ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ፤ ከጥፋቶቹ አንዱ በደብረ ማርቆስ የ75 እስረኞች መገደል ነበር። ድርጊቱ ከተፈጸመ 39 ዓመት አልፎት ነበር፤ ምስክሮቹ ግን አልረሱትም።

በአገር ቤት የሃይማኖት አባቶች ይቅርታ ለመኑ። በ2003 ዓ.ም. የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙዎቹ ተፈቱ። ኮሎኔል መንግሥቱም ዚምባብዌ እንደገቡ ቀሩ። በዚህ ጉዳይ ቤተሰቦች በአንድ ልብ አልነበሩም፤ ይቅር ያሉም፣ የመረራቸውም አሉ። እኛ ማንንም አንፈርድም። ይቅርታ የሚሰጠው ግን የተበደለ ነው፤ ለመስጠትም አስቀድሞ ምን እንደተፈጸመና አስከሬኑ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ፍርድ ቤት ገዳዩን ይቀጣል እንጂ ለእያንዳንዷ እናት ይህን ሁሉ መመለስ አልቻለም። አጽሙ ያልተገኘ ልጅ ብዙ ነው።

በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ከመቃብር የወጣ አጽም፣ ልብስና የሟቾች ፎቶ ይዟል። ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ ቤተሰብ ለዓመታት ደብቆ ያቆያቸው ናቸው። እነዚያ እናቶች አሁን አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ስለዚህ አባሎቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በቤታችሁ፣ በእድራችሁ፣ በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሐዘን የተሸከመች እናት ካለች ቡና አፍሉና አጠገቧ ተቀመጡ። ፈቃደኛ ከሆነች የልጇን ስም፣ የተወሰደበትን ቀንና ቦታ ጻፉላት፤ ድምፅዋንም ቅዱላት። የምትፈልጉት ቴፕም ሆነ ደብተር ከማኅበሩ ይሰጣችኋል። ልጇ «እርምጃ የተወሰደበት» ሳይሆን የተገደለ ሰው መሆኑ በጽሑፍ ይቅርላት።