ዩንግ ዊንግ፡- 120 ቻይናውያን ታዳጊዎችን ለትምህርት ወደ አሜሪካ ያስላኩ ምሁር

ዩንግ ዊንግ ከአሜሪካ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም በዲግሪ የተመረቁ የመጀመሪያው ቻይናዊ ሲሆኑ፣ የአገራቸው መንግሥት ታዳጊዎችን ወደ ውጭ ልኮ እንዲያስተምር በማድረጋቸው የሚታወሱ ምሁርና ዲፕሎማት ናቸው።

እ.ኤ.አ በ1828 በጓንግዶንግ ግዛት በማካው አቅራቢያ ከድሃ ቤተሰብ ተወለዱ። በማካውና በሆንግ ኮንግ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በ1847 ከመምህራቸው ከሳሙኤል ብራውን ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዙ። በ1854 ከዬል ኮሌጅ ተመረቁ። እርሳቸው ያገኙትን ዕድል ሌሎች የአገራቸው ልጆችም እንዲያገኙ የማድረግ ሃሳብ ያደረባቸው በተማሪነት ዘመናቸው ነበር።

ሃሳቡ ተግባራዊ እስኪሆን ግን 18 ዓመታት ፈጅቷል። ወደ ቻይና ተመልሰው በአስተርጓሚነትና በሻይ ንግድ ከሠሩ በኋላ፣ በ1863 ከከፍተኛው ባለሥልጣን ከዜንግ ጉዎፋን ጋር ተገናኙ። በባለሥልጣኑ ትእዛዝ ከአሜሪካ ገዝተው ያመጧቸው ማሽኖች በሻንጋይ ለተቋቋመው የጂያንግናን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ዋሉ። በዚህም አመኔታን በማትረፋቸው የትምህርት እቅዳቸው ተቀባይነት አገኘ።

ከ1872 እስከ 1875 በየዓመቱ 30፣ በአጠቃላይ 120 ታዳጊዎች ለ15 ዓመታት እንዲማሩ ወደ አሜሪካ ተላኩ። ዩንግ ዊንግ በዚሁ ጊዜ ወደ ፔሩ ተጉዘው በቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ላይ የሚፈጸመውን በደል ያጣሩ ሲሆን፣ በኋላም በዋሽንግተን የአገራቸው ምክትል ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል።

ይሁንና ወግ አጥባቂ ባለሥልጣናት ተማሪዎቹ የአገራቸውን ባህል እየተዉ ነው በማለት እቅዱን ተቃወሙ። አሜሪካም ተማሪዎቹን በጦር አካዳሚዎቿ ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነችም። በዚህም ምክንያት በ1881 አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ።

ዩንግ ዊንግ በ1852 ያገኙት የአሜሪካ ዜግነት በ1898 ተሰረዘባቸው። በዚያው ዓመት በቻይና የተጀመረውን የለውጥ እንቅስቃሴ በመደገፋቸው በአገራቸውም መንግሥት ይፈለጉ ጀመር።

ተማሪዎቻቸው ግን የላቀ ሥራ ሠርተዋል። ከነዚህም ዣን ቲያንዩ ከ1905 እስከ 1909 የተገነባውን የቤጂንግ - ዣንግጂያኮው የባቡር ሐዲድ በዋና መሐንዲስነት መርተዋል። ታንግ ሻውዪ ደግሞ በመጋቢት 1912 የቻይና ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ዩንግ ዊንግ ከዚህ ሹመት ከአንድ ወር ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ በኋላ፣ ሚያዝያ 1912 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ በ83 ዓመታቸው አረፉ።