አኢወማ እና መዝገቡ

ሰሞኑን ሁለት ሦስት ልጆች በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ በደርግ ጊዜ የወጣቶች ማኅበር ነበር እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ነበር እንጂ! ስሙ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ነው፤ ባጭሩ አኢወማ። ክፍል ውስጥ ጊዜው ስለማይበቃን እዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሚጀምረው ከማኅበሩ በፊት ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ ማንም መንግሥት ሳያደራጀው ራሱን የቻለ ኃይል ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፉ፣ ከኋላቸው ሆኖ የሚመራቸው ገዢ ፓርቲ አልነበረም። ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ይህን ኃይል ፈራው። በታኅሣሥ 1967 ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ማስተማሩም፣ ገበሬውን ማደራጀቱም እውነት ነው። ግን እግረ መንገዱን ተማሪውን ከከተማ ማራቂያ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ። 1969 እና 1970፣ ቀይ ሽብር። የኢሕአፓ ወጣቶች ሊግ ውስጥ አለህ የተባለ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ጎንደር ላይ የደርግ ተወካይ የነበረው የመላኩ ተፈራ ስም ሲነሳ ዛሬም ፊታቸው የሚለወጥ እናቶች አሉ። ለእሱ የተለቀሰውን ለቅሶ እዚህ አልጽፈውም፤ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረብን። በ1969 ኢዲዩ ሁመራንና መተማን ይዞ ደባርቅም ገብቶ ነበር። ስለዚህ የኛ ወጣት በሁለት በኩል ተጠረጠረ። ፊደል የቆጠረው በኢሕአፓ፣ የባላባት ዘር ያለበት በኢዲዩ።

አኢወማ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1972 ኢሠፓአኮ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የወጣቶቹ አኢወማና የሴቶቹ አኢሴማ ተከተሉ። አምሳያው የሶቪየቶቹ ኮምሶሞል ነው፤ በ1918 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ኮምሶሞል ሲመሠረት አብዮቱን የሚደግፍ ወጣት በራሱ ተሰባስቦ ነበር። የኛው የተመሠረተው ያ ዓይነት ወጣት ከሞተ፣ ከታሰረና ከተሰደደ በኋላ ነው። ባዶ ቦታ ነበር፤ ባዶው እንዲሁ እንዳይቀር ተሞላ።

አባላቱ ሁሉ ካድሬ ነበሩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ዕድሜው ከ14 እስከ 30 የሆነ ሁሉ በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩ ይታቀፋል። ኪነት ነበር፣ ኳስ ነበር፣ መሠረተ ትምህርት ማስተማር ነበር። ዳባት ላይ በዚያ ዘመን ወጣት የነበሩ አንድ አዛውንት እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ የገባሁት ለክራሩ ነው። ክራር ያለው ቀበሌ ብቻ ነበር።» ይህን ሰው ምን ብለን እንፈርድበታለን? ስኳርና ሳሙናው በቀበሌ፣ መታወቂያው በቀበሌ፣ የድጋፍ ደብዳቤው በቀበሌ። አልገባም ማለት ራሱ አቋም ሆኖ ይቆጠራል።

ዋናው ነገር ግን ክራሩም ኳሱም አይደለም። መዝገቡ ነው። የማን ልጅ፣ ስንት ዓመቱ፣ የት ነው ያለው። ይህን ከውጭ የመጣ ካድሬ ሊያውቀው አይችልም፤ የሰፈር ልጅ ግን አብሮ ያደገበት ነው።

በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። የሁለቱን ዕድሜ አስተያዩት፤ ላይኛው ጫፍ አንድ ነው። ማኅበሩ ከመጀመሪያውም ለዚህ ነው የተቋቋመው አልልም። አዋጁ ሲወጣ ግን ስሙ ተጽፎ ነበር፤ የቀረው መጥራት ብቻ ነው። ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይወርዳል። የተጻፈው ልጅ ሲጠፋ ኮታው አይጠፋም፤ ያኔ አፈሳ ይመጣል። በገበያ ቀን፣ በሌሊት፣ ያገኙትን። አዛውንቱ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የሚታፈሰውን ቤት የሚጠቁመው ትናንት አብሯቸው ክራር ሲመታ የነበረ ልጅ ነበርና። እሱም ቢሆን ኮታው ካልሞላ ራሱ ነው የሚሄደው። ሊማሊሞን ወርዶ ወደ አዲ አርቃይ የጠፋ አለ፣ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ገብቶ የቀረ አለ፣ ጫካ የገባም አለ። መንግሥት ወታደር ለማግኘት ሲል ለተቃዋሚው ወታደር ይመለምል ነበር ማለት ይቻላል።

መጨረሻው ባጭሩ፦ በየካቲት 1983 የተጀመረው ዘመቻ ቴዎድሮስ ጎንደርንና ጎጃምን ከደርግ እጅ አወጣ፣ ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥሎ ሄደ፣ ኢሠፓም አብሮ ፈረሰ። «አኢወማ አይፍረስ» ብሎ የወጣ አንድ ወጣት አልሰማሁም። ኮምሶሞልም ከአራት ወር በኋላ፣ በመስከረም 1984፣ በራሱ ስብሰባ ራሱን ዘጋ። በወራት ልዩነት ነው የሞቱት።

ከዚያ በኋላስ? ኢሕአዴግም ሊግ ነበረው። ከ1997 ምርጫ ድንጋጤ በኋላ የፓርቲው አባል በሦስት ዓመት ውስጥ ከ760,000 ወደ ከ4 ሚሊዮን በላይ አሻቀበ፤ አንድ ለአምስት የሚባለውም መጣ። እሱን ኖራችሁበታል፣ እኔ አልነግራችሁም። የዛሬውን ደግሞ ታሪክ ሲሆን እንጽፈዋለን 😊

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። እኛ መምህራን ክረምት ላይ ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ልጅ መዝግቡ ተብለን ገጠር እንወጣለን። ዳባትም ሆነ ደባርቅ ዙሪያ፣ ገና ደብተር ስታወጣ የቤቱ አባወራ «ለምንድን ነው የምትጽፈው?» ይልሃል። ከዚያ የወንድ ልጁን ዕድሜ ቀንሶ ይነግርሃል። ልጁ አጠገቡ ቆሟል፣ ጢም አውጥቷል፣ «አሥራ ሁለት ነው» ይልሃል። አንዳንድ ባልደረባ ይህን ኋላ ቀርነት ይለዋል። እኔ ኋላ ቀርነት ነው ብዬ አላምንም። እኚህ ሰው ወይ ራሳቸው፣ ወይ ወንድማቸው አንዴ ተጽፈው ያውቃሉ።

በነገራችን ላይ፣ ቤታችሁ ውስጥ የአኢወማ የአባልነት ደብተር ወይም የኪነት ጓድ ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ለ12ኛ ክፍል ልጆች ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ስሙን ግን በጣታችሁ ሸፍናችሁ አንሱት።