የተጠቃሚ ስም

የተጠቃሚ ስም፣ በአፍ ልማድ «ዩዘርኔም»፣ አንድን የኢንተርኔት አገልግሎት ተጠቃሚ ከሌላው የሚለይ መጠሪያ ነው። በዩቲዩብ ከቻናል ስም ይለያል። የቻናል ስም ብዙዎች ሊጋሩት ይችላሉ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የመጣው፣ ከ3 እስከ 30 ፊደላት የሚይዘው፣ መለያ የተባለው የተጠቃሚ ስም ግን የአንድ ቻናል ብቻ ነው።

ቻናሉን በአገሩ ስም መጥራት የሚሻን ሰው የሚያስቸግረው አጻጻፉ ነው። በጎንደርና በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለችው ከተማ «እንፍራንዝ»ም «እንፍራዝ»ም «እምፍራዝ»ም ተብላ ትጻፋለች። በላቲን ሲሆን «እ» ራሷ በሁለት የተለያዩ ፊደላት ትወከላለች፤ አንዱን የጻፈ ተመልካች ሌላውን ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሕዝቡ የሚያዘወትረውን አጻጻፍ ይዞ አጠገቧ ያለውን ቤተ መንግሥት፣ «ጉዛራ»ን፣ መጨመር ይሻላል። ቁጥር መደርደር የባሰ ነው፤ ማን ያስታውሰዋል?

ስም መለወጥ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ጉዛራን እንዳሠሩ የሚነገርላቸው ዐፄ ሠርፀ ድንግል የንግሥና ስማቸው መለክ ሰገድ ነበር። የቀድሞው ስማቸው ግን አልጠፋም። የዩቲዩብ መለያም በ14 ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊለወጥ ይችላል፤ አሮጌው ግን ለ14 ቀን ብቻ ተይዞ ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል።