የዝዋይ ወይን ጠጅ

የዝዋይ ወይን ጠጅ በኦሮሚያ ክልል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪ.ሜ. ገደማ ርቃ በምትገኘው በዝዋይ (ባቱ) ከተማ አጠገብ ከተተከሉ የፈረንሳይ የወይን ዝርያዎች የሚሠራ የኢትዮጵያ መጠጥ ነው። ወይኑን ተክሎ መጥመቅ የጀመረው ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። በአማርኛ «ወይን» ተክሉንም ፍሬውንም መጠጡንም ስለሚያመለክት በዚህ ጽሑፍ መጠጡ «ወይን ጠጅ» ተብሏል፤ ስሙ ጠጅ ይሁን እንጂ ማርም ጌሾም አይገባበትም።

ታሪክ

የወይን ፍሬ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የምትጠቀምበት ከዘቢብ የሚዘጋጅ ነው። በፋብሪካ ደረጃ ደግሞ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ ሲሠራ ቆይቷል፤ ጉደርና አክሱማይት የተባሉት የእርሱ ምርቶች ናቸው።

ካስቴል እ.ኤ.አ. በ1949 በቦርዶ በወንድማማቾች የተመሠረተ ሲሆን ኢትዮጵያ የገባው በቢራ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1998 በቢጂአይ በኩል የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዛ። የዝዋይ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ተጀመረ። ከፈረንሳይ የመጡት ችግኞች ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ሸፈኑ። በሐይቁ አካባቢ ጉማሬና ጅብ ስላለ እርሻው ዙሪያውን በቦይ ታጥሯል፤ የቦርዶ ገበሬ እንዲህ ያለ ችግር አያውቅም። የመጀመሪያው ምርት እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚሉ ስሞች ለገበያ ቀረበ።

ዝርያዎቹና የአየር ንብረቱ

ቀዩ የሚሠራው ከመርሎ፣ ከሲራና ከካበርኔ ሶቪኞ ሲሆን ነጩ ከሻርዶኔ ነው። መርሎና ካበርኔ የቦርዶ ተወላጆች ናቸው፤ ሲራ ከሮን ወንዝ ሸለቆ፣ ሻርዶኔ ከቡርጎኝ ናቸው። ሆኖም ችግኙ የፈረንሳይ ስለሆነ መጠጡ የቦርዶ ወይን ጠጅ አይባልም። በፈረንሳይ ሕግ «ቦርዶ» የቦታ ስም እንጂ የዝርያ ስም አይደለም፤ ፍሬው እዚያው መብቀል አለበት።

ዋናው ልዩነት ክረምቱ ነው። ቦርዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 45 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ወይኑ በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በጸደይ ይነሳል። ዝዋይ ግን 8 ዲግሪ ላይ ናት፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ብርድ የላትም። በእንዲህ ያለ አገር ተክሉን የሚቀሰቅሰው ግርዛት ነው፦ ሐረጉ ሲገረዝ አዲስ እንቡጥ ያወጣል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ፍሬው ይደርሳል። ገበሬው የሚገርዝበትን ቀን የሚቆጥረው ፍሬው በበጋ እንዲበስል አድርጎ ነው፤ በዝናብ የበሰለ ፍሬ ውኃ ይበዛበታል፣ ሻጋታም ይይዘዋል።

ከፍታም ያግዛል። ዝዋይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል፤ የፍሬው ኮምጣጣነት ቶሎ እንዳይጠፋ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በይፋት ቆላ ያለችው ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ብናሰላ ልዩነቱ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፣ ለወይን ግን ብዙ ነው። ሸዋ ሮቢት የምትታወቀው በሽንኩርቷና በማሾዋ ነው።

ቀላል ቀይ እና ከባድ ቀይ

የቀይ ወይን ጠጅ ቀለም የሚመጣው ከጭማቂው ሳይሆን ከፍሬው ልጣጭ ነው። ጭማቂው ከልጣጩ ጋር በቆየ ቁጥር ቀለሙ ይጠቁራል፤ አፍ የሚያደርቀው ታኒንም ይጨምራል። ካበርኔ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ከባድ ይወጣዋል፣ መርሎ ይለሰልሳል። በፈረንሳይ ቀላል ቀይ ሲባል ቀድሞ የሚጠራው ጋሜ ከተባለው ዝርያ የሚሠራው ቦጆሌ ነው። ጋሜን የቡርጎኙ መስፍን ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1395 ከግዛቱ እንዲነቀል አዝዞ ነበር።

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ስለ ቅለት አይናገርም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይገባበት ከበቀለ ፍሬ የተሠራ ማለት ነው፤ መዳብና ድኝ ግን በልክ ይፈቀዳሉ።

ውኃ

ወይኑ በመስኖ ይለማል። የዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ከመቂና ከቀታር ወንዞች ይሞላል፤ ዓሣ አስጋሪዎች፣ የአበባ እርሻዎችና አትክልት አምራች ገበሬዎች ይጋሩታል። ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። አብያታ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ በእጅጉ ሸሽቷል።