ሸራው አልቋል

ባለፈው ቅዳሜ የአባቴን አሮጌ ራቭ ፎር ይዤ ጋራዥ ሄድኩ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የፊት ጎማው «ሲጥጥጥ» እያለ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያስገለምጥብኛል። ሜካኒኩ ጎማውን ፈቶ ገና ጎንበስ እንዳለ «ሸራው አልቋል» አለኝ። አውጥቶ ሲሰጠኝ ግን ሸራ የሚመስል ነገር የለውም። ብረት ላይ የተለጠፈ ጥቁር ድንጋይ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ሸራው የታለ?» ስለው ሳቀብኝ። «ይኸው ነዋ! ስሙ ነው።»

እኔ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የምለቅ ሰው አይደለሁም። ቤት ገብቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። «ፍሬን» ከጣሊያኖቹ «ፍሬኖ» የመጣ ነው። «ሸራ» ግን ጨርቅ ነው። ለካስ ይሄ ጥቁር ድንጋይ በአንድ ዘመን የምር ጨርቅ ነበር! ስሙም የቀረልን ከዚያው ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።)

ከጨርቁ በፊት ቆዳ ነበር። በኦገስት 1888 ቤርታ ቤንዝ የምትባል ጀርመናዊት፣ ባሏ ካርል የሠራውን ባለሦስት ጎማ መኪና ሳታስፈቅደው፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እናቷ ወዳለችበት ፎርዝሃይም ነዳች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቁልቁለቱ ፍሬኑን ሲበላባት ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። እንግዲህ የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ ቅያሪ የተካሄደው ጋራዥ ሳይሆን ጫማ ሰፊ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ጨርቁን ያመጣው ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በደርቢሸር ኮረብታዎች የፈረስ ጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ሲወርዱ የእንጨት ፍሬናቸው ላይ አሮጌ ጫማ ይመቱ ነበር። ፍሩድ ይሄን አይቶ በ1897 ሙከራ ጀመረ። ጥጥና ፀጉር ወስዶ፣ ሬንጅ እያጠጣ፣ ጫማውን የሚተካ ጨርቅ ሠራ። ድርጅቱንም የራሱን ስም ፊደላት ገለባብጦ አንድ ፊደል ጨምሮበት «ፌሮዶ» አለው። ዛሬም መለዋወጫ ሱቅ ካርቶን ላይ ታገኙታላችሁ።

ችግሩ ጥጥ ይቃጠላል። ፍሬን የሚሠራው የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ያንን የሚከረፋ ሽታ ያውቀዋል። (በከባድ ማርሽ ውረዱ የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ሞተሩ ይያዝላችሁ።) ስለዚህ ፍሩድ በ1908 ወደ አስቤስቶስ ዞረ። አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ሆኖ እንደ ጥጥ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ እሳትም አይበላውም። ለመኪና ሠሪዎች ከዚህ በላይ ምን ሲሳይ አለ?

የሚፈትሉትን ሰዎች ግን የጠየቃቸው አልነበረም። ኔሊ ከርሾ ሮችዴል በተባለች የእንግሊዝ ከተማ አስቤስቶስ ፈታይ ነበረች። በ1924፣ በ33 ዓመቷ፣ ሳንባዋ በአቧራው ጠጥሮ ሞተች። አሠሪዎቿ ካሳ አልከፈሉም። አስከሬኗን የመረመረው ዊልያም ኩክ የተባለ ሐኪም ግን ያየውን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። በ1931 እንግሊዝ ለፋብሪካዎቹ የአቧራ መቆጣጠሪያ ደንብ አወጣች። ጋራዥ ውስጥ ጎማ ስር ተንበርክኮ የሚሠራውን ሰው ያስታወሰው የለም።

እስከዚያው ፍሬኑ ራሱ ተለወጠ። ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ በ1902 የዲስክ ፍሬን የባለቤትነት መብት ቢያወጣም ነገሩ የተሟሟቀው ጃጓር በ1953 በዲስክ ፍሬን የሌ ማንን ውድድር ሲያሸንፍ ነው። ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨብጠው ደግሞ ጨርቅ ሳይሆን ተጨምቆ የጠጠረ ነገር ሆነ፤ ያ የእኔ ጥቁር ድንጋይ ማለት ነው። ቅርጹ ይለወጥ እንጂ አስቤስቶሱ ውስጡ ቀጠለ። እንግሊዝ በ1999 ከለከለችው፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2005። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ክልከላውን ያወጣው በ2024 ነው። ከኔሊ ሞት 100 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ወደ ጋራዡ ልመልሳችሁ። «ሲጥጥጥ» የሚለው ድምፅ ለካ ብልሽት አይደለም። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እንድትነካ ሆን ተብላ የምትገጠም ቀጭን ብረት አለች። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው መቀየር ነው። የቀኙን ቀይሮ የግራውን መተው ደግሞ አይሆንም፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። የፍሬን ዘይቱ ዝቅ ካለም ዝም ብላችሁ አትሙሉ፤ መጀመሪያ ሸራውን እዩ።

ቅዳሜ ዕለት ረዳቱ ልጅ ኮምፕሬሰሩን አንስቶ የፊቱን አቧራ «ፉፉፉ» አደረገው። እኔም አፌን ከፍቼ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሰኞ የኋላው ታምቡር ሊፈታ ስመለስ ያነበብኩትን በሙሉ ለጋሼ ነገርኩት። አዲሱ ሸራ ከአስቤስቶስ ነጻ ሊሆን ይችላል፣ ከአሮጌው ውስጥ ምን እንዳለ ግን በዓይን አይለይም፤ ታምቡር ደግሞ አቧራውን እንደ ሙዳይ ያጠራቅመዋል። ጋሼ ትንሽ ዝም አለ። «ሠላሳ ዓመት ስነፋው ኖሬያለሁ እኮ» አለ። ከዚያ ልጁን ኮምፕሬሰሩን አስቀምጦ ባልዲ ውኃና ጨርቅ እንዲያመጣ ላከው።