የውሰት ኮድ

«ፕሮግራም መጻፍ ተምሬ የሌላ ሰው ፕሮግራም ሳገጣጥም እውላለሁ» የሚለውን እሮሮ ከሙያ ጓደኞቼ ስሰማው ኖሬአለሁ። የዛሬ ጣጣ ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ስመለከተው ግን ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው ኤድሳክ የተባለ ኮምፒዩተር ተዘጋጅተው የሚጠብቁ የፕሮግራም ክፍሎች «ቤተ መጻሕፍት» ነበረው። ክፍሎቹ የሰፈሩት በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ሲሆን ተጠቃሚው የሚፈልገውን እያስገለበጠ ከራሱ ሥራ ጋር ይቀጥለው ነበር።

በ1968 ደግሞ ኔቶ በጀርመን፣ በጋርሚሽ ከተማ ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ የቤል ቤተ ሙከራው ዳግላስ ማኪልሮይ ሶፍትዌር እንደ ፋብሪካ ዕቃ በካታሎግ እየተመረጠ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረበ። ምኞቱ ከሞላ ጎደል ደርሷል። ዕቃው ሞልቷል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል የተሠራለትን ሁኔታ በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ ያንን አንብቦ የሚረዳ ሰው ይፈልጋል። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ማታ «ምን ጻፍክ?» ቢባል የሚያሳየው አሥር መስመር ነው። ማን ሥራ ብሎ ይቆጥርለታል!

ለዚህ ከአሪያን 5 የበለጠ ምስክር አላውቅም። ይህ የአውሮፓ ሮኬት ጁን 4 ቀን 1996 በፈረንሳይ ጉያና ካለው የኩሩ ጣቢያ ተነሥቶ 40 ሰኮንድ እንኳ ሳይሞላው ፈነዳ። የአቅጣጫ መለኪያው ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር፤ እዚያ በደንብ አገልግሏል። አዲሱ ሮኬት ግን በአግድም የሚያገኘው ፍጥነት ከቀድሞው በእጅጉ ስለሚበልጥ፣ በ64 ቢት የተያዘው ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲለወጥ ቦታው አልበቃውም። ተጠባባቂው መለኪያ ቀድሞ ሥራውን አቆመ፤ በዚያው ሶፍትዌር የሚሠራው ዋናውም ወዲያው ተከተለው። የሮኬቱ ኮምፒዩተር ከመለኪያው የመጣለትን የብልሽት መልእክት የበረራ መረጃ መስሎት አነበበና የሞተሮቹን አፈሙዝ በኃይል አዞረ። ሮኬቱም ተሰባበረ።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ያ ስሌት ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ለአሪያን 5 ምንም የማይጠቅም መሆኑ ነው። ከመነሣት በኋላም 40 ሰኮንድ ያህል የሚቀጥለው ለአሪያን 4 ተብሎ ነበር፤ ሲወረስ አብሮ ተወረሰ። አደጋ ሊደርስባቸው ይችላል ከተባሉት ሰባት ቁጥሮች አራቱ መከላከያ ተደርጎላቸዋል፤ ሦስቱ ኮምፒዩተሩ ሥራ እንዳይበዛበት ተብሎ እንዲሁ ቀርተዋል። መርማሪ ቦርዱ እንዳረጋገጠው፣ የአዲሱ ሮኬት የጉዞ መስመር በመለኪያው ዝርዝር መግለጫ ውስጥ እንዳይገባ የተወሰነው በሚመለከታቸው ወገኖች ስምምነት ነው። መለኪያውን በዚያ የጉዞ መስመር የፈተነውም አልነበረም።

ክላስተር የተባሉት አራት የምርምር ሳተላይቶች ከሮኬቱ ጋር ጠፉ። ምትኮቻቸው በ2000 ሁለት ሁለት እየሆኑ በሩሲያ ሶዩዝ ሮኬቶች ወደ ሕዋ ወጡ፤ ከመካከላቸው አንዷ የተገጣጠመችው ከቀሩት መለዋወጫዎች ነበር።