ከጉና ሥር የመጣ ስንቅ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ስለ ግቢያችን አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ መማሪያ ክፍሉ ወይም ቤተ መጻሕፍቱ አይደለም፤ የሎከሬ ሽታ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ስመጣ እናቴ በአንድ ከረጢት በሶ፣ በሌላው ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ። ፔዳ ግቢ ደርሼ ዶርም እንደተመደብኩ ሁለቱንም ከልብሴ ሥር ቀበርኳቸው። የከተማ ልጆች ብስኩት ይዘው መጥተዋል፤ እኔ የገብስ ዱቄት! ምን ዋጋ አለው፣ ሽታው አጋለጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «አበበ» ሆኖ ቀረ። ፊደል ስንቆጥር በሶ ይበላ የነበረውን አበበን የማያውቅ የለማ!

ያፈርኩበት ነገር ምን ያህል ታሪክ እንዳለው የገባኝ ቆይቶ ነው። ገብሱ ተለቅሞ፣ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ ይፈጫል። አንዴ ስለበሰለ እሳት አይፈልግም፤ በጥቂት ውኃና ጨው ይበላል፤ ቶሎም አይበላሽም። ለዚህ ነው በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ የድሮ ዘማች ስንቅ የነበሩት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት በገደልና በሸለቆ ለማሳለፍ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶባቸዋል። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። ያንን ሁሉ ወር ጎታቹን ሰው ስላቆመው እህል፣ እህሉን ቆልተው ስለፈጩት ሴቶች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ታዲያ የአገራችን ምግብ ሁሉ እንደ ገብስ ጥንታዊ እንዳይመስላችሁ። ከፋርጣና ከጋይንት የመጣን ልጆች ድንችን እንደ አያቶቻችን ርስት ነው የምንቆጥረው። ክረምት ላይ ጎተራው ሲጎድል ደርሶ ቤተሰብ የሚያሻግረው እሱ ነው። ነገር ግን የድንች አገሩ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም 1850 ዓ.ም. ገደማ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የጉና ደጋ ብርድ ተስማማው፤ እኛም ተስማማነውና እንግድነቱን ረሳን።

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር የተመላለሳችሁ ደግሞ ሌላውን ምዕራፍ በአውቶቡስ መስኮት አይታችሁታል። ቻይናውያን በሠሩት መንገድ፣ አለም ሳጋን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ገብሱና ድንቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ጤፉ ይመጣል፤ ወረታ ስትደርሱ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ሩዙ በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ ጅግናና ሻጋ በተባሉ የገበሬ አምራች ማኅበራት የተሞከረ ነው። ዛሬም ገበሬው «ኤክስ ጅግና» የሚለው ዝርያ ስሙ ከዚያ መጣ። የዶርማችን የፎገራ ልጅ ግን ይህን ሁሉ አይቆጥርም ነበር፤ የሩዝ እንጀራ ሲያስታውስ «የእናቴ እንጀራ» ነበር የሚለው። እውነቱን ነው። ሩዙ የመጣው እሱ ሊወለድ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ቢሆንም፣ ለእሱ የቤቱ ጣዕም ያ ነው። የእኔ ገብስ፣ የጋይንቴው ድንች፣ የእሱ ሩዝ ዕድሜያቸው ለየቅል ነው፤ ናፍቆታችን ግን አንድ ነበር።

ይህን ያወቅነው በመጀመሪያው ሴሚስተር የፈተና ሰሞን ነው። የሁላችንም ኪስ ባዶ ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ከሳቁብኝ አንዱ «አበበ፣ ያ ነገር አለ?» አለኝ። ከረጢቱን አወጣሁ። በፕላስቲክ ጆግ በጥብጠን ስድስት ሆነን ጠጣነው። ከዚያ በኋላ ስሜ ባይቀየርም፣ ሎከሬን መቆለፍ ተውኩ።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ስሄድ የገብስ ማሳችን ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኖ አገኘሁት። የሚያርስ ጉልበት የለም፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ብር ያመጣል፤ ማንን እወቅሳለሁ? እናቴም በሶ ማዘጋጀት ትታለች፤ ጉልበቷ ደክሟል። እኔ ደግሞ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደምትሠራው አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ደብተር ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ስንት ደቂቃ ነው የሚቆላው?» አልኳት።

«የምን ደቂቃ?» ብላ ሳቀች። «ሽታው ይነግርሃል።»

እንደነገረችኝ ጻፍኩት። የእናንተም እናቶች በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁና ጻፉ። ለዘንድሮው መገናኛችን አንድ ከረጢት ይዤ እመጣለሁ፤ ቆላዩ እኔ ነኝና ቢያርር ይቅር በሉኝ።